በትንሽ ገንዘብ ወደ ትልቅ ፎርማት፦ የትኛውን ካሜራ፣ የትኛውን ሌንስ?

ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው። ለዓመታት በ35 ሚሊሜትር ፊልም ስትሠራ ቆይተሃል፣ አሁን ወደ ትልቅ ፎርማት፣ ማለትም ቅጠል ቅጠል ሆኖ ወደሚጫን ሰፊ ፊልም፣ መግባት ትፈልጋለህ። የምታነሳው መልክዓ ምድርና ሕንፃ ነው። ኪስህ ብዙ አይችልም። «4 በ5 ኢንች ይሻለኛል ወይስ አንዴ 8 በ10 ውስጥ ልግባ? ካሜራውስ የትኛው፣ ሌንሱስ?» ብለሃል።

መልሱን ላስቀድምልህ። 4 በ5 ግዛ። ያገለገለ ሞኖሬይል ካሜራ (ክፈፎቹ በአንድ ዘንግ ላይ የሚንሸራተቱ)፣ ከእሱ ጋር አንድ 150 ሚሊሜትር ኤፍ 5.6 ሌንስ በደንብ በሚሠራ ሹተር (ብርሃኑን ለተወሰነ ጊዜ የሚከፍትና የሚዘጋ) ላይ የተገጠመ። በቃ። የተረፈውን ገንዘብ ለፊልም ሆልደር፣ ለትራይፖድና ለራሱ ለፊልሙ አስቀምጠው። ካሜራህን ተሸክመህ በእግርህ ብዙ የምትጓዝ ከሆነ ብቻ ሞኖሬይሉን ትተህ ቀለል ያለ ታጣፊ ካሜራ ፈልግ። ምክንያቱን ደግሞ ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ካወቅክ ገበያ ላይ ያገኘኸውን ዕቃ ራስህ መመዘን ትችላለህ።

ከ35 ሚሊሜትር የሚመጣ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ካሜራው ላይ ነው። አይፈረድበትም። እዚያ ሹተሩም፣ ላይት ሜትሩም፣ ፊልም ማጠንጠኛውም ካሜራው ውስጥ ነው። ትልቅ ፎርማት ላይ ግን ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ሹተሩ ያለው ሌንሱ ላይ ነው። ፊልሙ አንድ አንድ ቅጠል ሆኖ ሆልደር ውስጥ ይገባል። ከካሜራው የሚጠበቀው ሌንሱን ከፊት፣ ፊልሙን ከኋላ ሳይነቃነቁ መያዝ፣ በመሀል ያለው ወናፍም (እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈው ክፍል) ብርሃን እንዳያስገባ ማድረግ ብቻ ነው። ይህን ካሟላ፣ በአንድ ዓይነት ሌንስ የተነሱ ሁለት ኔጋቲቮች አይቶ የትኛው በውድ ካሜራ የትኛው በርካሽ እንደተነሳ ማንም አይለይልህም። ውድ ካሜራ የሚሰጥህ ምቾት ነው፦ ለስላሳ ማርሽ፣ ቶሎ የሚዘረጋ አካል፣ ቀላል ክብደት። ምቾት ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ኋላ ይደርሳል። ገንዘብህን ለሌንሱና ለሹተሩ አድላ የምልህ ለዚህ ነው።

8 በ10 ያምራል፣ አልክድም። ኔጋቲቩን በቀጥታ ወረቀት ላይ አስቀምጠህ የምታትመው ኮንታክት ፕሪንት ብቻውን ልብ ይሰርቃል። ግን የፊልሙ ስፋት የ4 በ5 አራት እጥፍ ነው፣ ወጪውም በዚያው ልክ ይከተላል። መደበኛ ሌንሱ 300 ሚሊሜትር ነው፣ ትልቅና ከባድ። ሆልደሩ፣ ትራይፖዱ፣ የፊልም ማጠቢያው ሁሉ አብሮ ያድጋል። ለዚያው እይታ የምትጠቀመው ሌንስ ስለሚረዝም የፎከስ ጥልቀቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ አፐርቸሩን፣ ማለትም በኤፍ ቁጥር የሚለካውን የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ ይበልጥ ትዘጋለህ፣ ሹተሩ ይዘገያል፣ ነፋስ ሲመጣ ቅጠሉ ሁሉ ይደበዝዝብሃል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ሥራ የሚለመደው ደጋግሞ በማንሳት ነው። አንዷ ፊልም በጣም ስትወደድብህ እጅህ ይሰበሰባል፣ ካሜራው ቤት ይቀመጣል። 4 በ5 ራሱ ከ35 ሚሊሜትር ፍሬም 13 እጥፍ አካባቢ ይሰፋል። በ2400 ዲፒአይ ስካን ብታደርገው እንኳ 100 ሜጋፒክሰል ገደማ ይሰጥሃል። ምን ጎደለ? 5 በ7 የሚባልም አለ፣ ቅርጹ ውብ ነው፣ ግን የፊልም ምርጫው ጠባብ ስለሆነ ለመጀመሪያ አልመክርህም።

አሁን ካሜራዎቹ። ሞኖሬይል ማለት የፊቱና የኋላው ክፈፍ በአንድ ዘንግ ላይ የሚንሸራተትበት ነው። ሲናር ኤፍ 1 እና ኤፍ 2፣ ካምቦ ኤስሲ፣ የቶዮ 45 ሞኖሬይሎች፣ ካልዩሜት ሲሲ-400 እያልክ ፈልግ። እነዚህ በአንድ ወቅት የዕቃና የማስታወቂያ ፎቶ የሚያነሱ ስቱዲዮዎች መተዳደሪያ ነበሩ። ስቱዲዮዎቹ ወደ ዲጂታል ሲዞሩ ካሜራዎቹ በብዛት ገበያ ላይ ወጡ፣ ክብደታቸው ደግሞ ገዢ ያሸሻል። ስለዚህ ከጥራታቸው አንጻር ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው። እኔ ብጠየቅ ሲናር ኤፍን አስቀድማለሁ። ምክንያቱም የሲናር ክፍሎች እንደ ፈለግህ የሚፈቱና የሚገጣጠሙ ናቸው፤ የድሮው ሞዴል ወናፍና የሌንስ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ጋር ይገጥማል፣ አንድ ነገር ቢሰበር መለዋወጫ አታጣም። ካምቦም ጠንካራ ነው፣ ግን ግዙፍ ነው። ከ3 እስከ 5 ኪሎ ካሜራ ብቻ እንደምትሸከም አስበህ ግባበት።

ለአንተ ሥራ ሞኖሬይል የሚሻለው በእንቅስቃሴው ነው። ሕንፃ ስታነሳ ምን እንደሚያደርግልህ ተመልከት። በ35 ሚሊሜትር ጣሪያው ፍሬም ውስጥ እንዲገባ ካሜራውን ቀና ታደርጋለህ፣ ሕንፃውም ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። እዚህ ካሜራውን ቀጥ አድርገህ ታቆመዋለህ፣ በውኃ ልክ ታረጋግጣለህ፣ ከዚያ የፊቱን ክፈፍ ከነሌንሱ ወደ ላይ ትገፋዋለህ። ጣሪያው ቀስ እያለ ከኋላ ምስሉን ወደምታይበት የፎከስ መስታወት ይገባል፣ ግድግዳው ግን ቀጥ እንዳለ ነው። መስታወቱ ላይ ምስሉ ተገልብጦ ስለሚታይህ መጀመሪያ ግር ይልሃል፣ ቶሎ ትለምደዋለህ። ይህ ራይዝ ይባላል፣ የሕንፃ ፎቶ ግማሽ ሥራው እሱ ነው። ለመልክዓ ምድር ደግሞ ቲልት አለ። ሌንሱን ጥቂት ዲግሪ ወደ ፊት ስታዘነብለው ከእግርህ ሥር ካለው ድንጋይ እስከ ሩቁ ተራራ ያለው መሬት አንድ ላይ ፎከስ ውስጥ ይገባል። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1904 ፓተንት ባወጣበት በኦስትሪያዊው ቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ ስም ይጠራል። ጀማሪ ሁሉ ቲልት ያበዛል። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ስትሄድ መሬቱ ይጠራና የዛፉ አናት ይደበዝዛል።

ሁለተኛው አማራጭ የድሮ የጋዜጠኛ ካሜራ ነው። የግራፍሌክስ ክራውን ግራፊክና ስፒድ ግራፊክ ታዋቂዎቹ ናቸው። ክራውን እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1973 ተመርቷል፣ ስለዚህ በብዛት ይገኛል። ሲታጠፍ ሳጥን ይሆናል፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ጠንካራ ነው። ስፒድ ግራፊክ ከኋላው የራሱ ሹተር አለው፣ እስከ 1/1000 ሰከንድ ይሄዳል፣ በዚህ የተነሳ ሹተር የሌላቸውን ርካሽ የድሮ ሌንሶች መጠቀም ትችላለህ። ይሄ ለሙከራ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ እንቅስቃሴያቸው ትንሽ ነው። ራይዝ አላቸው ግን አጭር፣ ሌንሱ በቀጥታ ወደ ፊት አይዘነበልም፤ ወደ ኋላ ነው የሚዘነበለው። የሰው ፎቶ ላነሳ ብትለኝ ኖሮ ይሄን ውሰድ እልህ ነበር። ለሕንፃ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይጠብብሃል።

ሦስተኛው ታጣፊው የመስክ ካሜራ ነው። ዊስታ፣ ቶዮ 45ኤ፣ ታቺሃራ፣ ሼን ሃው፣ ቻሞኒ። ለተራራና ለእግር ጉዞ ከዚህ የተሻለ የለም፣ ያገለገለውም ቢሆን ግን ዋጋው አይወርድም። አዲስ ሆኖ ዋጋው የሚቀመሰው የእንግሊዞቹ ኢንትሬፒድ ነው፤ ከበርች ኮምፖንሳቶ የሚሠራ፣ ከ1 ኪሎ ተኩል በታች። ቀላል ስለሆነ ነፋስ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ መቆለፊያዎቹን በደንብ ማጥበቅ ይጠይቃል። ያም ሆኖ ክብደት ካስቸገረህ ደህና ምርጫ ነው። አዲስ ወናፍ ያለው ካሜራ ማግኘት ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከየትኛውም ዓይነት ብትገዛ ሦስት ነገር እይ። አንደኛ ጀርባው ግራፍሎክ ይሁን፣ ማለትም የፎከስ መስታወቱ ሲወጣ ሌላ ነገር የሚይዙ ሁለት ተንሸራታች የብረት ዘንጎች ያሉት፤ ወደፊት የጥቅል ፊልም ጀርባ መግጠም ስትፈልግ ይጠቅምሃል። ሁለተኛ የሌንስ ሰሌዳው መጠን የተለመደ ይሁን። የሲናር ሰሌዳ 140 ሚሊሜትር ካሬ ነው፣ ለመስክ ካሜራዎች ደግሞ የሊንሆፍ ቴክኒካ ዓይነት በብዛት ይገኛል። እንግዳ የሆነ ሰሌዳ የሚፈልግ ካሜራ በርካሽ ገዝተህ ለእያንዳንዱ ሌንስ ሰሌዳ ስታሠራ የቆጠብከው ሁሉ ያልቃል። ሦስተኛውና ዋናው ወናፉ ነው። ወናፉን እስከ መጨረሻው ዘርጋው። ጨለማ ክፍል ግባ፣ የእጅ ባትሪ ውስጡ አብራ፣ ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቅ። ከዚያ እጥፋቶቹ የሚገናኙበትን ጥግ ጥግ እየተከተልክ እይ፣ ቀዳዳ የሚጀምረው እዚያ ነው። አንድ ሁለት የመርፌ ቀዳዳ በጥቁር ቀለም ወይም በጥቁር ቴፕ ይደፈናል። እንደ ሰማይ ኮከብ ከበራ ግን ወናፍ መቀየር አለብህ፣ ዋጋው ላይ ደምረህ ተደራደር።

ወደ ሌንሱ እንምጣ፣ ገንዘቡ መሄድ ያለበት እዚህ ነው።

ከሽናይደር፣ ከሮደንስቶክ፣ ከኒኮን ወይም ከፉጂ አንዱን ያዝ። ሲማር-ኤስ፣ ሲሮናር-ኤን፣ ኒኮር-ደብሊው፣ ፉጂኖን-ደብሊው። 150 ሚሊሜትር ኤፍ 5.6 ላይ የእነዚህን ልዩነት ኤፍ 22 ላይ ባነሳኸው ኔጋቲቭ አታየውም፣ የማወዳደሪያ ጽሑፍ ስታነብ አትደር። የአንዱ ዕቃ አያያዝ ከሌላው ይለያል እንጂ የስሙ ጉዳይ ቀላል ነው። ስም ቀይረው የሚሸጡም አሉ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቃቸው ይረክሳሉ። ካልታር II-ኤን የተባለው የሮደንስቶክ ሲሮናር-ኤን ነው። ሲናሮን የሚሉትም በሲናር ስም የተሸጠ የሮደንስቶክ ሌንስ ነው። ከእነዚህም በታች ካሰብክ የሮደንስቶክ ጄሮናር አለ፤ በሦስት መስታወት ብቻ የተሠራ ቀላል ሌንስ፣ ኤፍ 22 ላይ ጥሩ የሚስል። ግን ሽፋኑ ጠባብ ነው።

ሽፋን ያልኩት ምን መሰለህ፣ ሌንሱ ፊልሙ ላይ የሚጥለው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። የ4 በ5 ሰያፍ 153 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ክቡ ይህን ብቻ የሚሸፍን ከሆነ ፎቶው ይነሳል፣ ነገር ግን ሌንሱን ከፍ ስታደርግ የፍሬሙ ጥግ ይጨልማል። ሲማር-ኤስ 150 ኤፍ 22 ላይ 210 ሚሊሜትር ክብ ይሰጣል፣ ኒኮር-ደብሊውም እንዲሁ፤ ለሕንፃ የሚበቃ ትርፍ አለው። ከጋዜጠኛ ካሜራዎች ጋር የሚመጡት የኮዳክ ኤክታር 127 እና የግራፍሌክስ ኦፕታር 135 ግን 4 በ5ን በጭንቅ ነው የሚሸፍኑት። ስለታቸው ደህና ነው፣ ለራይዝ ግን ቦታ የላቸውም።

እዚህ ላይ እንዳትሸወድ አንድ ነገር አስምርልህ። 90 ሚሊሜትር ስትፈልግ አንጉሎንና ሱፐር አንጉሎን የሚባሉ ሁለት የሽናይደር ሌንሶች ታገኛለህ። አንጉሎን ኤፍ 6.8 ትንሽዬ የድሮ ሌንስ ነው፣ ሽፋኑ 154 ሚሊሜትር ብቻ። ሱፐር አንጉሎን ኤፍ 8 ደግሞ 216 ሚሊሜትር ይሸፍናል። ስማቸው ስለሚቀራረብና አንጉሎኑ ስለሚረክስ ብዙ ሰው ትርፍ ያገኘ መስሎት ይገዛል፣ ከዚያ ሕንፃ ፊት ቆሞ ራይዝ ሲያጣ ይናደዳል። የድሮው ሲማር ላይም ሁለት የርዝመት ቁጥር ተጽፎ ታያለህ። የፊቱን መስታወት ስትፈታ ረጅም ሌንስ ይሆናል ነው ነገሩ። ይሆናል፣ ግን ስለቱ ይወርዳል። እንደ አንድ ሌንስ ቆጥረህ ግዛው።

ሹተሩን ሳትፈትሽ አትክፈል። ኮፓል 0፣ 1 እና 3 የሚባሉት በጣም የተለመዱት ናቸው፤ ኮምፑርም ጥሩ ነው። ሹተር ሲያረጅ ቀድሞ የሚታመመው ዘገምተኛው ፍጥነት ነው። 1 ሰከንድ ላይ አድርገህ ወጥረው፣ ተኩስ፣ ጆሮህን አስጠጋ። እኩል የሆነ የማርሽ ድምፅ ሰምተህ በመጨረሻ ጠቅ ካለ ደህና ነው። መሀል ላይ ከተንተባተበ፣ ወይም ቆሞ ስትነካካው ብቻ ከዘጋ፣ ጽዳት ይፈልጋል። ከሩቅ የምትገዛ ከሆነ ሻጩ 1 ሰከንድ ላይ ሲተኩስ የሚያሳይ ድምፅ ያለው ቪዲዮ ይላክልህ፤ እምቢ ካለ ሌላ ፈልግ። ከዚያ ሹተሩን ከፍተህ በሌንሱ ውስጥ የእጅ ባትሪ አሳልፍ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ፈንገስ ነው፣ ተወው። ወተት የመሰለ ጭጋግ አንዳንዴ ይጸዳል። ጠርዙ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ካየህ መስታወቶቹን ያጣበቀው ሙጫ መላቀቅ ጀምሯል። በሽናይደር ሌንሶች ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የምታያቸው ነጫጭ ነጠብጣቦች ግን የጥቁሩ ቀለም ጉዳይ ናቸው፣ ፎቶው ላይ ምንም አያመጡም። እንዲያውም ሰው ስለሚፈራቸው ዋጋ ያስቀንሱልሃል።

ብዙ ሰው በጀቱ ውስጥ የማያስገባው የቀረውን ኮተት ነው። ፊልም ሆልደር ቢያንስ 5 ያዝ፤ እያንዳንዱ ሁለት ቅጠል ስለሚይዝ 10 ፎቶ ይዘህ ትወጣለህ። የፕላስቲኮቹ ፊደሊቲና ሊስኮ ይበቃሉ። ዳርክ ስላይዱ (ፊልሙን የሚሸፍነው ተንሸራታች ክዳን) የተጣመመ ወይም ብርሃን የሚከለክለው ጨርቅ የተላጠ ከሆነ አትውሰድ። ፊልም ስትጭን ጨለማ ውስጥ ነህና በጣትህ ጠርዙ ላይ ያለውን ጎድጓዳ ምልክት ፈልግ፤ ፊልሙን ወደ ላይ ቁመቱን አድርገህ ስትይዘው ምልክቱ ቀኝ እጅህ በኩል ከላይ ጥግ ላይ ከሆነ ብርሃን የሚቀበለው ገጽ ወደ አንተ ዞሯል። የዳርክ ስላይዱ ነጭ ገጽ ወደ ውጭ ሲሆን ፊልሙ ገና ነው፣ ጥቁሩ ሲሆን ተነስቷል። ይህን ልማድ ከመጀመሪያው ቀን አጥብቀህ ያዘው። ከዚህ ሌላ ጥቁር ጨርቅ፣ ማጉያ፣ ኬብል ሪሊዝ (ካሜራውን ሳትነካ ሹተሩን የምትተኩስበት ገመድ) እና ጠንካራ ትራይፖድ ያስፈልግሃል። ለላይት ሜትር ስልክህ ላይ ያለ አፕ ወይም ዲጂታል ካሜራህ ለጊዜው ይሠራል። ትራይፖዱ ላይ ግን አትሰስት፤ የሚንቀጠቀጥ ትራይፖድ የሌንስህን ስለት ይበላዋል።

ፊልም ላይ ፎማፓን 100 ከርካሾቹ አንዱ ነው፣ እኔ እወደዋለሁ፣ ግን ረጅም ኤክስፖዠር ላይ ይከብዳል። ላይት ሜትሩ 1 ሰከንድ ካለህ 2 ሰከንድ ስጠው፣ 10 ሰከንድ ካለህ 80 ሰከንድ። አፐርቸር ኤፍ 22 ላይ በማታ ወይም በጫካ ውስጥ ስትሠራ ይህ ቶሎ ይገጥምሃል። ኢልፎርድ ኤችፒ 5 ፕላስ ይበልጥ ይቅር ባይ ነው። ልምምዱን ደግሞ በፊልም አትጀምረው። ጥቁርና ነጭ የማተሚያ ወረቀት በሆልደሩ ልክ ቆርጠህ ጫንበት፣ ለብርሃን ያለው ስሜት ከአይኤስኦ 3 እስከ 6 አካባቢ ነው ብለህ ለካ፣ በቀይ መብራት ሥር እጠበው። ምስሉ ዓይንህ እያየ ይወጣል። ንጽጽሩ ከረር ይላል፣ ሆኖም ራይዝና ቲልት ለመልመድ፣ ወናፉ ብርሃን ማስገባት አለማስገባቱን ለማወቅ ከዚህ የረከሰ ዘዴ አላውቅም።

በቅርበት ስታነሳ ወናፉ ስለሚረዝም ፊልሙ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ይቀንሳል። የወናፉን ርዝመት ለሌንሱ ርዝመት አካፍለህ ውጤቱን በራሱ አባዛው። 150 ሚሊሜትር ሌንስ ይዘህ ወናፉ 210 ሚሊሜትር ከደረሰ እጥፍ ብርሃን ማለት ነው፣ አንድ ስቶፕ ጨምር። ለመልክዓ ምድር ብዙም አያስጨንቅህም።

ስካነር ልግዛ ካልክ ኤፕሰን ቪ600 4 በ5 ፊልም በአንዴ አይወስድልህም፣ ከቪ700 ጀምሮ ያለው ተከታታይ ነው የሚወስደው። ዲጂታል ካሜራና ማክሮ ሌንስ ካለህ ግን ኔጋቲቩን ከኋላ አብርተህ ፎቶ ማንሳት ትችላለህ፣ ስካነሩ ይቆይ።

ሁለተኛ ሌንስ አሁን አትግዛ። 150 ሚሊሜትር በ35 ሚሊሜትር ስታስበው ከ40 እስከ 45 ያለውን ዕይታ ነው የሚሰጥህ። የመጀመሪያውን የፊልም ሳጥን በእሱ ብቻ ጨርስ። ስታነሳ ብዙ ጊዜ ጀርባህ ግድግዳ ከነካ 90 ሚሊሜትር ኤፍ 8 ፈልግ፤ መስታወቱ ላይ ጨለም ስለሚል ጥቁሩን ጨርቅ በደንብ ተከናነብ፣ የካሜራህም ወናፍ በበቂ ሁኔታ መታጠፉን ቀድመህ እይ። ሁልጊዜ ወደ ፊት መጠጋት ካማረህ ደግሞ 210 ኤፍ 5.6 ውሰድ፤ ሽፋኑ ሰፊ ነው፣ በብዛትም ይገኛል።